ከዘፈኑ በፊት ያለው ድምፅ

ሐጂ ባበክር ከሆሞሻ አሶሳ ድረስ የመጡት ታሞ የሞተ ታናሽ ወንድማቸውን የዑመርን ድምፅ ሊሰሙ ነው። ዑመር ሳይሞት በበርታ ቋንቋ የዘፈነውን በከፍተኛ ጥራት የቀዳሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን በዩኤስቢ ከኮምፒውተሬ ጋር ባገናኘኋት፣ ቅጂውን ወደሚሰማ ድምፅ በምትለውጥ ትንሽ የድምፅ መቀየሪያ ሳጫውተው እየተንጫጫ ይቆራረጣል። ገመዱን ለወጥኩ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። የሆሞሻ መኪና ሊሄድ ስለሆነ ሐጂ የጆሮ ማዳመጫውን እንዳደረጉ በሩን በሩን ያያሉ።

«መምህር፣ እዚያ ውስጥም ታመመ?» አሉኝ።

ቅንብሩን አንድ በአንድ ሳይ ለካ ኮምፒውተሩ መቀየሪያዋ ከምትችለው በላይ በሆነ ጥራት ድምፁን እየላከባት ኖሯል። ጥራቱን ዝቅ አድርጌ እንደገና ሳጫውተው ድምፁ ጠራ። ሐጂ በሩን ማየት ተዉ። ዘፈኑ ገና አልጀመረም፤ ዑመር ጉሮሮውን ጠርጎ በበርታ የሆነ ነገር የሚናገርበት ቦታ ነው። ቋንቋውን ስለማላውቅ ያችን ቆርጬ ልጥላት አስቤ ነበር።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«‹ባበክር ይምጣ፣ ያለ እሱ አልጀምርም› ይላል።» «እኔ ግን ሲቀዳ አልነበርኩም። ገበያ ሄጄ ነበር» አሉ።

ዘፈኑ ሲጀምር እጄን ያዙኝ። «ይሄ ይቆይ። ፊተኛውን መልስልኝ።»

መለስኩላቸው። ደጋግሜ መለስኩላቸው። ያን ቀን ዘፈኑን ሳንሰማው ቀረን።