በሰባት ጽሑፎች ላይ ስለጠፋው ስሜ የሰጠሁት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ታሽታን ኦሮዛሊየቭ
ዕድሜ፦ 79
ሥራ፦ ጡረተኛ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ
አድራሻ፦ ቢሽኬክ፣ ከኦሽ ገበያ ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 14
ቃሉ መሰጠት የጀመረበት ጊዜ፦ ኤፕሪል 4 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 4፡10
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሌተናንት ኡላን ቶክቶባየቭ

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ከሁሉ አስቀድሞ ለመንግሥትም ለሕዝብም ይታወቅ ዘንድ የማስመዘግበው፣ በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ 2፡30 ላይ የቤታችን ድመት አራት ልጆች በሰላም የተገላገለች መሆኑን ነው። መርማሪው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢሉኝም፣ ፖሊስ በሬን የመታው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ይመዝገብልኝ ብያለሁ። ፖሊሱ የተሰረቅኩ መሆኔን፣ የሰረቀችኝም ምራቴ ዶክተር ሻይርኩል መሆኗን ነገረኝ። ተመልሼ ገብቼ ሳይ የሻይ ማፍያው ሳሞቫር አለ፣ ምንጣፉ አለ፣ ጥርሴም ብርጭቆው ውስጥ አለ። ምን እንደተወሰደብኝ ግራ ገብቶኝ ወደዚህ መጣሁ።

ጣቢያው እንደደረስኩ የተባባሪ ፕሮፌሰር ሸራሊየቭ አቤቱታ ተነበበልኝ። ሸራሊየቭ በምርምር ተቋማችን የምራቴ የሥራ ባልደረባ ሲሆን፣ በመጪው ዓርብ ለላቦራቶሪው ኃላፊነት የሚወዳደሩት እሱና እሷ ናቸው። አቤቱታው እኔ በ1981 የበጋ ግጦሽ ላይ ወጥቼ የ212 እረኞችን ትንፋሽና የልብ ምት የለካሁበትን መዝገብ ምራቴ በሰባት ጽሑፎች ተጠቅማ ስሜን አንድም ቦታ አልጠቀሰችም ይላል። ጥፋተኛ ከተባለች ከውድድሩ ብቻ ሳይሆን ከሥራዋም ትወጣለች። እሷ 46 ጽሑፎች አሳትማለች፤ የሌላ አገር ምሁራን ከ1,300 ጊዜ በላይ ጠቅሰዋታል። እኔ በ34 ዓመት አገልግሎት ያሳተምኩት ዘጠኝ ሲሆን፣ የጠቀሱኝም ጓደኞቼ ናቸው።

መርማሪው ጽሑፎቹን ሲያሳዩኝ ከዛሬ በፊት ከፍቼ እንደማላውቃቸው ተናግሬአለሁ። ሠንጠረዡ በእርግጥ የእኔ ነው። ስሜ ግን የለም። በስሜ ቦታ «በቤታችን ታላቅ የተለካ» ይላል።

«አባቴ፣ ይኼ ስርቆት አይደለም?» አሉኝ።

«ልጄ፣ እናትህ የአባትህን አባት ስም ጠርታ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ! ‘ትልቁ ሰውዬ’ ነው የምትላቸው።»

«እንግዲያው እናትህንም እሰራት» አልኳቸው። ይህ እንዳይጻፍ ጠይቀው ነበር፤ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ።

ምራቴ የናሪን ገጠር ልጅ ናት። በወጋችን መሠረት የባሏን አባት ስም በአፏም በእጇም አታወጣም። ስሜ በቋንቋችን ከድንጋይ የመጣ በመሆኑ ድንጋይ ማለትም ትታለች፤ በሐኪምነቷም ሃያ ዓመት ሙሉ «ጠንካራው ነገር» እያለች የኩላሊት ጠጠር ያለበትን በሽተኛ ሁሉ ግራ ስታጋባ ኖራለች። ለክብሬ ብላ የተወችውን ስም ሰረቀችኝ ልበል ወይስ አከበረችኝ ልበል፣ እስካሁን አልገባኝም። ጽሑፎች ማንን እንደጠቀሱ የሚቆጥረው ማሽን ቤታችንን ስለማያውቅ፣ የእኔ መዝገብ የማንም ሳይሆን ቀርቷል።

ሸራሊየቭ ይህን ከየት አመጣው ተብዬ ስጠየቅ፣ ከእኔ መሆኑን አምኛለሁ። በኑሩዝ በዓል ቤቴ ቦርሶክ ስንበላ «ይቺ ምራቴ ከጥርሴ በቀር ያልወሰደችብኝ የለም» ብዬ ቀልጄአለሁ። ሁሉም ሲስቅ እሱ ብቻ «የትኛውን መዝገብ ነው የወሰደችው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

መርማሪው እኔ አልተሰረቅኩም ካልኩ ክስ እንደማይኖር፣ ተቋሙ ግን ስሜ የተጻፈበት የእርማት ደብዳቤ ለሰባቱም መጽሔቶች ካልተላከ ምራቴን እንደማያወዳድር አስረዱኝ። ውጭ ተቀምጣ የነበረችው ምራቴ ከቀኑ 5፡20 ላይ ተጠርታ ገባች።

«ነይ ጻፊና እንገላገል» አልኳት።

«አታ፣ አባቴ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«የሰው ልብ ከፍተሽ የምታዪ ሴትዮ አንድ ስም ትፈሪያለሽ? እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

«እርስዎ ቢፈቅዱም እኔ አልችልም። ያባርሩኝ እንጂ አላደርገውም» ብላ አቀረቀረች።

እንደማትመለስ ስለማውቅ እስክሪብቶውን ወሰድኩ። በሰባቱም ደብዳቤዎች ላይ ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ እሷም ወረቀቱን ሳታይ ከታች ፈረመች። በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ተጠቅሼ አላውቅም።

ከላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። አንድ ነገር ግን ፈጥሬአለሁ፤ ጽሑፎቹን ከዛሬ በፊት ከፍቼ አላውቅም ያልኩት ሐሰት ነው። እያንዳንዱ በወጣ ቁጥር መነጽሬን አድርጌ፣ በሬን ዘግቼ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈልጌአለሁ። «በቤታችን ታላቅ» የሚለውን አላየሁትም። የምፈልገው ስሜን ብቻ ነበር።

የምስክሩ ፊርማ፦ ታ. ኦሮዛሊየቭ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሌ/ት ኡ. ቶክቶባየቭ