የተከደነው መጥበሻ

እማማ እርሾ ገና ለጋ ልጅ ሳሉ፣ ሊጥ ማቡካት በሚማሩበት ዳቦ ቤት፣ ከዱቄቱ ጆንያ ወዲያ ማዶ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰምተው ነበር። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላወቁም። አንደኛዋ «ከድና የምታበስል ሚስትማ…» ስትል ትዝ ይላቸዋል፤ የቀረውን የማቡኪያው መኪና ጩኸት ዋጠው። ሁለተኛዋ «እግዚኦ!» ማለቷን ግን አልረሱም። ሰው ጎዶሎ ወሬ አግኝቶ ጎዶሎውን አይተወውም፤ ከራሱ ሆድ አውጥቶ ይሞላዋል። እማማ እርሾም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ወሬ በጥርጣሬ ሲሞሉት ኖሩ።

«እርሾ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ እጃቸው ያረፈበት ሊጥ ሁሉ ይነሣልና። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ሊጡስ ደግ፣ ነገርም አብሮ ይነሣል እንጂ» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ለጉዳያቸው ወጥተው ዝናብ ቢይዛቸው፣ ሳይታሰቡ ልጃቸው ቤት ጎራ አሉ። ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ የሚመለሰው ማታ ነበር። ምራታቸው አስተማሪ ናት። ከተጋቡ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። እማማ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሁለት ነገር አዩ፦ ባለፈው የላኩት ባለ ስኳር ዳቦ ሳይቆረስ መደርደሪያ ላይ ደርቋል፤ ምድጃው ላይ ደግሞ መጥበሻ ተከድኗል።

«ደህና አደርሽ፣ ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሰላምታ የሰጠው ለክዳኑ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ! ምነው በዝናብ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡስ ይደርሳል። ምን ከድነሽ ነው?»

«እንቁላል ነው።»

«እንቁላል ይከደናል እንዴ? እኔ የማውቀው እንቁላል ዘይቱ ውስጥ እየጮኸ፣ መንደሩ እየሰማው ነው የሚጠበሰው።» ይህን ብለው ክዳኑን ብድግ አደረጉት። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። «ይህ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«ቆስጣ ነው፣ እማማ። ሽንኩርትና ቲማቲምም አለው።» ምራታቸው ክዳኑን በትሕትና ተቀብላ መለሰችው።

እማማ ግን አላመኑም። ምራታቸው ውሃ ልታመጣ ዞር ስትል እንደገና አነሡ፤ በማንኪያም ነካኩ። ከቅጠሉ በታች ሌላ ቅጠል፣ ልጅ የሚያስቀር ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ዛሬ ማታ ለልጃቸው የሚነግሩትን በልባቸው አሰናድተዋል፦ «ሚስትህ ዘርህን በመጥበሻ ከድና እየፈጀችው ነው።» ያች ቃል ከወጣች ትዳሩ እንደማይተርፍ ያውቁ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሡ የማረር ሽታ ወጣ። ታቹ አረረ፣ ላዩ ጥሬ ቀረ።

ምራታቸው መጥበሻውን አወረደች። አልተቆጣችም፤ ብቻ እንዲህ አለች፦

«እማማ፣ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ በየደቂቃው በሩን ቢከፍትብዎ ምን ይሉታል?»

«ምን እለዋለሁ! በዳቦ ማውጫው ዘንግ ነዋ የምለው! ሙቀቱ ወጥቶ ሊጡ ቁጭ ይላላ!»

«ይኸውም እንደዚያ ነው። በትንሽ ዘይት ስለምሠራው የሚያበስለው እንፋሎቱ ነው። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ይሄዳል።»

እማማ በሙያቸው ተይዘዋል። ቢሆንም ጥርጣሬ እንደ ደረቀ ሊጥ ነው፤ ከጣት ላይ ቶሎ አይለቅም። «ዳቦዬንስ ለምን ናቅሽው?»

ምራታቸው ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አልናቅሁትም፤ እፈራዋለሁ እንጂ። የወር አበባዬ ሲጠፋና ሲዛባ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። የሆርሞን መዛባት ነው አሉኝ። እንደኔ ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ሰውነቷ ስኳርን እንደሚገባ አይጠቀምበትም። ነጭ ዳቦና ስኳር ሲበዛ ይብስባታል። እንቁላልና አትክልት ግን ያጠግባል፣ የደም ስኳርም ድንገት እንዳይወጣ ያግዛል።»

«እና እንቁላሉ ልጅ ይሰጣል?»

«ልጅ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው። ይህ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪሟም ክትትሌን እንዳላቋርጥ ነግራኛለች።»

«ልጄ ያውቃል?»

«ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። ለእርስዎ እንዳይነግር የለመንሁት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በየወሩ ‹እህ፣ አለ ወይ?› ሲሉኝ፣ ይህም ክዳን ማንሣት ነው፣ እማማ።»

እማማ እርሾ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ያች የጎደለች ወሬ ትዝ አለቻቸው፤ ከድና የምታበስል ሚስትማ… ምን? ለካ ያንን ፍጻሜ ማንም አልነገራቸውም ነበር።

«በይ፣ እንደገና ሥሪው» አሉ በመጨረሻ። «እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እቀመጣለሁ።»

ሽንኩርቱ በአንድ ማንኪያ ዘይት ለሰለሰ፤ ቲማቲሙ፣ ቀጥሎም ቆስጣው ገባ፤ ሁለት እንቁላል ተመታና ከላይ ፈሰሰ፤ እሳቱ ዝግ አለ፤ ክዳኑ ተከደነ። እማማ አንድ ጊዜ እጃቸው ወጣ፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ራሳቸውን ገሠጹና መለሱት። ሲወጣ ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ያላረረ ነበር። ቀመሱ።

«ጨው ያንሰዋል።»

«ያንሰዋል፣ እማማ።»

«መልካም ነው ግን።» ደግመው ቆረሱ።

የሰው ገላ ምን እንደሚስማማው ጠይቆ ማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ ሳይጠይቁ መፍረድ ግን ቤት ያፈርሳል። ያች ማለዳ ጥሩ ቁርስ ብቻ አላስገኘችም፤ ዓመት ሙሉ በፍርሃት የሚበላበትን ወጥ ቤት ነፃ አወጣች።

ዝናቡ አባራ። እማማ የደረቀውን ዳቦ ከመደርደሪያው አንሥተው በዘንቢላቸው ከተቱ።

«ከእንግዲህ የምልከው ስኳር የሌለው፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ትንሽ ዳቦ ነው፤ ሐኪሟ ከፈቀደች ትቆርሺዋለሽ፣ ካልፈቀደች እኔው እበላዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ቆስጣውን እከትፍልሻለሁ።»

«ጥያቄውስ፣ እማማ?»

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አሰቡ።

«አንቺ ራስሽ ‹ኑ፣ ይዩ› እስክትዪኝ ድረስ» አሉ፣ «አላነሣም።»