የማይኮሰኩስ አንበሳ

ከገለምሶ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ አንዲት እናት ከነልጇ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ያሉት አዛውንት ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ስትሰማ አማከረቻቸው።

«ጋሼ፣ ልጄ በትምህርት ቤት ቴአትር አንበሳ ልትሆን ነበር። ጸጉራሙን ልብስ ስናለብሳት ግን አለቀሰች። ድሮም ሻካራ ነገር አትችልም። አሁን በሌላ ልጅ ሊተኳት ነው።»

«የቱ ጋ ነው የሚኮሰኩስሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አንገቴ ላይ። ስፌቱ ይወጋኛል። ጭንቅላቱ ደግሞ ጆሮዬን ያፍነዋል።»

«ስፌቱን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ፤ ጸጉሩ ይሸፍነዋል። ከውስጥ ያረጀ ነጠላ እገጥምበታለሁ። ጭንቅላቱ ይቅር፤ ጎፈሩን ኮፍያ ላይ እሰፋልሻለሁ።»

«ጆሮዬ ክፍት ይሆናል?»

«ክፍት ነው። በይ እስቲ አግሺ!»

ልጅቷ አገሳች፤ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

እኔም ቀስ ብዬ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ ፈታሁ።