የተሰበረ ክርን አይታሽም

ልጇን ታቅፋ በደረጃው ቁልቁል የምትሮጠው እናት፣ ከሥራ ከምትመለሰው ጎረቤቷ ከነርሷ ጋር ልትላተም ምንም አልቀራት። የስድስት ዓመቷ ሚጡ ከአልጋ ስትዘል በእጇ ላይ ወድቃለች። ከኋላ ልብስ ሰፊዋ እትዬ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ያለከልካሉ። ክርኗን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነው ሩጫው?» አለች ነርሷ።

«እኔ ምን አውቄ! ሐኪም ቤት ብወስዳት እጇን ይቆርጡብኛል፤ ባልወስዳት ሽባ ትሆንብኛለች!» እናትየዋ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር የሳንባ ምች የሚታያት ሴት ናት።

«አታሟርቺ!» አሉ እትዬ። «ወለም ብሏት ነው። ሳብ አድርጌ ባሻት ሦስት ቀን አይፈጅም።»

«እማማ፣ የደከመ ወገብ ይሹ፤ እጅዎ ይባረክ» አለች ነርሷ በትህትና። «የልጅ አጥንት ግን ከክርን ከፍ ብሎ ስስ ነው። ሲሰበር ይሾላል፤ አጠገቡ ደም ሥርና ነርቭ አለ። ሲሳብና ሲታሽ እነሱን ይጎዳል።»

«ሐኪም ሳይኖር ሰው እጅ አልነበረውም?»

«ነበረው፤ ጣቱ ደርቆ የቀረም ነበር። እስቲ የሁለቱንም እጆቿን ጣቶች ይንኩ።»

እትዬ ነኩ። ደግመው ነኩ። አርባ ዓመት ጨርቅ የዳሰሰ እጅ ልዩነት አይስትም፤ በታሰረው በኩል ያሉት ቀዝቅዘዋል፤ ጥፍሮቹም ጠቁረዋል።

«ውይ በሞትኩት! አንቄው ነው ለካ!» ሻሹን ራሳቸው ፈቱት።

ነርሷ ክንዱን ሳታቃና፣ እንዳለ በካርቶን ደግፋ ላላ አድርጋ አሰረችው። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሞቁ። «አሁኑኑ ሂዱ። በማደንዘዣ ሊያስተኟት ስለሚችሉ ምግብም ውሃም እንዳትሰጧት።»

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳች። በማደንዘዣ አስተኝተው አጥንቷን አቃኑ፤ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አያይዘው ጀሶ አደረጉላት። በአራተኛው ሳምንት ሽቦው ሲወጣ ክርኑ አልዘረጋ አለ።

«አሁንስ ትንሽ ልሸው?» አሉ አብረው የሄዱት እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እየተጫወተች ራሷ ታፍታታው» አለ ሐኪሙ። «ሰው ከጎተተው ይብስ ይደርቃል።»

እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። ይህ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም።

ከወራት በኋላ እናትየዋ ሚጡን ይዛ እትዬ ሱቅ ጎራ ስትል፣ እሳቸው ለአንዲት ደንበኛ ይመክራሉ፦ «ልጅ በእጁ ላይ ሲወድቅ አትሹ፣ አትሳቡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ጣቱን ዳስሱና ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱ። በጊዜ የደረሰች እጅ ትጽፋለች፣ ትሠራለች፤ የሰው እጅ አትጠብቅም።»

አጠገባቸው ሚጡ ያችን ክንዷን እስከ ትከሻዋ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር አሾለከች።

«ቀስ! ዓይንሽን እንዳይወጋሽ!» አለች እናትየዋ።