በረኛችን የተሳደበ ቀን

የቀበሌያችን ቡድን በረኛ ሽመልስ፣ ታላቅ ወንድሙ ዘምቶ መሞቱን ከተረዳ ወዲህ ዝም አለ። ልምምድ ይመጣል፣ ኳስ ይይዛል፣ ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። እናላችሁ ከአስኮ ልጆች ጋር ልንጋጠም ስንል አሠልጣኛችን ጋሽ ታደሰ እኛን ተከላካዮቹን ለብቻ ጠሩንና፣ "ዛሬ ሽመልስ እስኪሰድባችሁ ድረስ አጥቂ እንዳትነኩ!" አሉን።

የመጀመሪያው አጥቂ ሲመጣ እኔ ጫማዬን ላስር አጎነበስኩ፤ ገባ። ቀጥሎ ጓደኛዬ ያላመመውን እግሩን ይዞ ተቀመጠ፤ አሁንም ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከዳር ሆነው "ይሄ አሻጥር ነው!" ብለው ሲጮኹ ዞር ብዬ ጋሽ ታደሰን አየሁ፤ ያኔ በደርግ ጊዜ በዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበራ። ጋሽ ታደሰ ግን፣ "ትንሽ ይታገሱ፣ ጓድ" አሏቸው።

ሌላ አጥቂ ሲመጣ ፈራ ተባ እያልኩ መንገድ ለቀቅኩለት። ይሄኔ ከኋላዬ፣ "አንተ ዝተት! ምን ይገትርሃል? ያዘው እንጂ!" የሚል ጩኸት መጣ። ሽመልስ ነው! ጎል ተቆጥሮብን እየጨፈርን ሄደን ተጠመጠምንበት። "አብዳችኋል?" እያለ ሲገፈትረን ቆየና ድንገት ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ከጨዋታው በኋላ እስከ ቀራንዮ ሰፈር ድረስ አንዴ ስለ ወንድሙ እያወራ፣ አንዴ እኛን እየሰደበ አብሮን ሄደ።