ከምንጩ በታች የመጀመሪያው መቃብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ከቀየትም ከራቤልም ብርዱን ችላችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች ሆይ፣ ዛሬ ኅዳር 18 ቀን 1932 ዓ.ም. አፈር የምናለብሳቸውን የአቶ ጎበዜ አፈወርቅን ዜና ሕይወት ከሥሩ ጀምሬ አነብላችኋለሁ። አንባቢው እኔ፣ የዚህች የሐሙስ ገበያ ቅድስት ማርያም አለቃ ቄስ ተገኘ፣ የእኅታቸው የወይዘሮ ፋንታዬ ባል ነኝ፤ ሟቹን ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ ከዚህም ውስጥ አሥራ ሦስቱን የፈጀነው በክርክር ነው። ስለዚህ እንደ ልማዱ ደግ ነበሩ፣ ትሑት ነበሩ እያልሁ የምዘልቅ የሚመስለው ሰው ካለ ከአሁኑ ይወቀው፤ ደግ ነበሩ፣ ትሑት ግን አልነበሩም፤ ሰውን በማድከምም የሚተካከላቸው በመንዝ ምድር አልተወለደም።

አቶ ጎበዜ ከአባታቸው ከአቶ አፈወርቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች በ1876 ዓ.ም. ከቀየት ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ መምህር ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ለመማር ወደ ግሼ ተሻግረው ነበር፤ ነገር ግን የተማሪዎቹ ጎጆዎች ነፋስ በሚመታው አፋፍ ላይ ስለ ተሠሩ፣ እየሳለ ዜማ የሚዘልቅ ተማሪ የለም ብለው ከመምህሩ ጋር ሲከራከሩ ጾመ ድጓውን ሳይጨርሱ ተሰናበቱ። መምህሩ ያሰናበቷቸው ስላጠፉ ሳይሆን ስለ ሰለቿቸው መሆኑን ኋላ መምህሩ ራሳቸው በቃላቸው ነግረውኛል፤ ጎጆዎቹ በዓመቱ ከአፋፉ ወርደው መሠራታቸውንም ሳይደብቁ ነግረውኛል።

በ1896 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቦታ ለኪዎች ዘንድ በገመድ ያዥነት ተቀጠሩ፤ ገመድ ከመያዝ ችካል ወደ መትከል፣ ችካል ከመትከል ራሳቸው ወደ መለካት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከፍ እያሉ፣ የመንገድን ስፋት መወሰን፣ የገበያን ተራ መደልደል፣ ለጎርፍ መውረጃ ማውጣት እዚያ ተማሩ። ወይዘሮ ሸዋአለምንም በቁርባን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲፈጀው ቀባሪ ጠፍቶ አስከሬኑ በየወንዙ ዳር በጥልቀት ሳይቆፈርለት ይቀበር ነበር፤ አቶ ጎበዜም ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በሽታው አልፎ ክረምት ሲገባ፣ ጎርፉ የነዚያን መቃብሮች አፈር ወደ ወንዙ ሲያጥበው አዩ፤ ከወንዙ የሚቀዱ ቤቶችም ዳግመኛ ለልቅሶ ሲቀመጡ አዩ። ከነዚያ ቤቶች አንዱ የራሳቸው ነበር፤ የአራት ዓመት ወንድ ልጃቸው በተቅማጥ ሞተባቸው። ይህን የነገሩኝ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ሐዘን ያናገራቸው መስሎኝ ችላ አልሁት።

በ1918 ዓ.ም. ወላጆቻቸውን ለመጦር ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የወረዳው ገዥ ይህችን ሐሙስ ገበያ ሥርዓት እንዲያሲዟት ሾሟቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህች ከተማ ዕረፍት አላገኘንም። የበግ ተራው ከምንጩ አፍ ይነሣ አሉ፤ ተነሣ። በእህል ተራውና በባና ተራው መካከል ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ሳይገፋፉ የሚያልፉበት መንገድ ይኑር አሉ፤ ኖረ። የእኔን፣ የገዛ አማቻቸውን አጥር፣ ወደ መንገድ ገብቷል ብለው አራት ክንድ ወደ ውስጥ መለሱት፤ እኔ ተቀይሜ ሁለት ፋሲካ አብሬያቸው አልፈሰክሁም፤ እሳቸው ግን በሁለቱም ፋሲካ ማለዳ በደጄ አልፈው፣ አጥሩ ወደ ነበረበት አለመመለሱን አይተው፣ በሩቁ እጅ ነሥተውኝ ይሄዱ ነበር።

ዋናው ነገር የመጣው በ1919 ዓ.ም. ነው። እንደምታዩት ቤተ ክርስቲያናችን በጉብታ ላይ ናት፤ አባቶቻችን ሁሉ የተኙት በስተምሥራቅ ነው፤ መሬቱ ድንጋይ ስለ ሆነ መቃብሩ ከወገብ በላይ አይጠልቅም፤ ከተማው በሙሉ የሚጠጣው ምንጭም የሚፈልቀው ከዚያው ከምሥራቁ ተዳፋት ሥር ነው። አቶ ጎበዜ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጥረው፣ በገመዱ ልክ ችካል ተክለው፣ ከእንግዲህ ከዚህ በላይ ሰው አይቀበር፤ የሚቀበረው በስተምዕራብ፣ ከምንጩ በታች ባለው አፈሩ ጥልቅ በሆነ ሜዳ ይሁን አሉ። ችካሉን በሳምንቱ አጣነው፤ እንጨት በሌለበት በመንዝ ኩበት ለማቀጣጠል የሚሆን ደረቅ ችካል በሜዳ ላይ ተተክሎ ማን ዝም ይለዋል? እሳቸው እንደገና ተከሉ፤ እንደገና ተነቀለ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ ችካሉን የነቀለ ውጉዝ ይሁን ብለህ ግዘትልኝ አሉ። ዳኛ ቢቀጣ ሰው ዳኛውን ይሸሸዋል፣ ግዝትን ግን ማንም አይሸሸውም፤ ከአንተ አፍ አንዲት ቃል ትበቃኛለች አሉ።

እኔ ስለ ጠፋች ፍየል ገዝቻለሁ፤ በሰው ማሳ በሬውን ስላሰማራ ገበሬ ገዝቻለሁ፤ የወፍጮ መጅ የሰወረችው ሴት እንድትታወቅ እንኳ ገዝቻለሁ። ለምንጩ ግን አልገዝትም አልሁ። ሰው ከአባቶቹ ጎን ተነጥሎ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን እንዴት ይተኛል? የመጀመሪያው ማን ይሆናል? ይህ ነበር መልሴ፤ እናንተም እዚህ የቆማችሁት ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ደግፋችሁኛል፤ ዛሬ መሬት መሬት ማየት አያዋጣም። አቶ ጎበዜ በየዓመቱ ልደት ሲሆን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በዚያችው በር ላይ ቆመው ያችኑ ቃል ይለምኑኝ ነበር፤ እኔም በየዓመቱ እነሣቸው ነበር።

በ1929 ዓ.ም. ጣልያን በኮረብታው ላይ ምሽግ ሲሠራ መሬት የሚለካ ሰው ፈለገ፤ አቶ ጎበዜም ሄዱለት። በዚህ ደግ አደረጉ አልልም፤ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረባቸው፣ እኔም ሰላምታ ነሣኋቸው። የወታደሩ እዳሪ ከምንጩ በላይ እንዳይቆፈር ማን ይቁምላችሁ ነበር ብለው መለሱልኝ፤ በእርግጥም የምሽጉ እዳሪ ዛሬ ከኮረብታው ማዶ ነው። አርበኞቹ የጠላትን ሥራ ካልተዉ ዋ ብለው ሲጽፉባቸው፣ የይቅርታ ቃል ይመልሳሉ ሲባል፣ ሰዎቻችሁ በቅሎ ሊያስሩበት አሥራ አንድ ችካል ነቅለውብኛልና መልሱልኝ ብለው ጻፉ። የአርበኞቹ አለቃ ደብዳቤውን አንብቦ ሲያበቃ፣ «ይሄስ ባንዳ አይደለም፤ እኛን እንዲህ ያደከመ ጣልያንንስ ምን ያረገው ይሆን፤ ተዉት!» ማለቱን ሰምተናል። እንደ ቃሉም ሆነ፤ የምሽጉ ሹም መንገዱን በድሆች አውድማ ላይ ላሳልፍ ሲል አይሆንም ብለው ቢያደክሙት፣ ሁለት ወር በቀዝቃዛ ጉድጓድ አሰራቸው። ሲወጡ ከጉድጓዱ የያዛቸው ሳል አብሮ ወጣ፤ ክርክሩንም ከተቋረጠበት ቀጠሉ።

እሳቸው ታስረው ሳሉ ሹሙ ሣጥናቸውን ሲያስፈትሽ የመቃብሩን ንድፍ አግኝቶ፣ የራሱ አሳብ አስመስሎ፣ ከምንጩ በላይ የቀበረ ይቀጣል ብሎ አዋጅ አስነገረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይህ ነው። አቶ ጎበዜ ከእስር በወጡበት ቀን ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ሹሙ ሄደው፣ አሥራ አንድ ዓመት የለመንሁትን በአንድ ወረቀት አበላሸህብኝ፣ አሁን ማን ይቀበለኛል ብለው ጮኹበት። እውነታቸውን ነበር። ጣልያን ሙታናችንን ከአባቶቻቸው ሊለይ ነው አልን፤ እኔም በቅድስት ማርያም ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ፣ በምዕራቡ በኩል የሚቀበር በጣልያን ሕግ የተቀበረ ነው ብዬ ሰበክሁ። አሳቡ ጣልያን አገራችን ሳይገባ በፊት የጎበዜ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እያወቅሁ ሰበክሁ። ከምሽጉ የተላከ ሰው በመካከላችን ቆሞ እንደ ሆነም ይስማ፤ ይህ የእናንተ ሕግ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ በ1931 ዓ.ም.፣ የተቅማጥ በሽታ ገባ። ሃያ ሦስት ሰው ቀበርን፤ ሁሉንም አዋጁን እየጣስን በስተምሥራቅ ቀበርን። በነሐሴ የገዛ ልጄ፣ የአቶ ጎበዜ የእኅታቸው ልጅ፣ አስካለ ማርያም ሞተችብኝ። ጉድጓዷ ሲቆፈር ውሃ ያቁር ነበር፤ ቆፋሪዎቹ በቅል እየጨለፉ ወደ ተዳፋቱ ሲደፉት፣ ውሃው ወደ ምንጩ ሲወርድ ሁላችንም አየን። አቶ ጎበዜ በማዶ ቆመው ነበር፤ ውሃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ምንም አልተናገሩም። በዕድሜያቸው ዝም ያሉት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምነው ያን ቀን በተናገሩኝ!

ከማግሥቱ ጀምሮ ከወንዝ ማዶ ካለው ጅረት ውሃ በእንስራ እየቀዱ፣ በጀርባቸው አዝለው ለእኅታቸው ያመጡልን ነበር። ወንድ፣ ያውም ሽማግሌ፣ ውሃ ሲቀዳ አይቶ ከተማው ሳቀባቸው፤ እኔም ውሃውን እየጠጣሁ አላመሰገንኋቸውም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔን መከራም ሊመክረኝ አልቻለም ነበር፤ ልጄን ከቀበርሁ በኋላ እንኳ እንደገና ግዝቱን ቢለምኑኝ፣ ልጄን የገደልኋት እኔ ነኝ ማለት ስለ መሰለኝ፣ ነሣኋቸው።

በጥቅምት፣ ድንጋይ የሚያነድ የለም ብለው፣ በችካሉ ፈንታ ድንጋይ ተሸክመው በመስመሩ ላይ መደርደር ጀመሩ። አመዳዩ በደረቁ ሳል ላይ ውጋት ጨመረባቸው፤ ሃያ ዘጠነኛውን ድንጋይ አኑረው ወደቁ። ወይዘሮ ሸዋአለምና ልጆቻቸው ሦስት ሳምንት ቢያስታምሟቸውም፣ በትናንትናው ዕለት ኅዳር 17 ቀን፣ ንስሐቸውን ጨርሰው ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ። በሽማግሌዎች ፊት ባደረጉት ኑዛዜም በስተምዕራብ ከድንጋዩ መስመር በታች ቅበሩኝ፤ በእኔና ከእኔ ቀጥሎ በሚመጣው መካከል ሁለት ክንድ መተላለፊያ ተዉ፤ ጉድጓዱም የሰው ቁመት ይሁን ብለዋል። የሞት አልጋ ላይ ሆኖ ክንድ የሚቆጥር ሰው እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ዛሬ ማለዳ ወርጄ ብለካው ቁመቱ አራት ጣት ጎድሎ አገኘሁት። ቆፋሪዎቹ ምን አለበት አሉኝ፤ እኔ ግን በአራት ጣት ምክንያት በወዲያኛውም ዓለም ሊከራከሩኝ እንደሚችሉ ስለማውቅ እንደገና አስቆፈርኋቸው።

የመጀመሪያው ማን ይሆናል ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት ጠይቄ ነበር፤ መልሱ ይኸው በፊታችሁ ተጋድሟል። ከአባታቸው ጎን የመተኛት ርስት ነበራቸው፤ ለእኛ ሲሉ ተዉት።

አቶ ጎበዜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋአለምን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ የትምወርቅንና ወይዘሮ ጌታነሽን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ፋንታዬንና ከሁሉ አብልጠው ያደከሙትን እኔን አማቻቸውን ትተው አርፈዋል። ከእሳቸው ሁለት ክንድ አልፎ ያለው የተቸከለው ቦታ የእኔ ነው፤ ለልጆቼ ተናግሬአለሁ። አስካለ ማርያም ግን በላይ ትቀራለች፤ ይህን የሚመልስልኝ የለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፤ ይገባኛል። ነገር ግን መስቀሌን ይዣለሁና ሁላችሁም ስሙ። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በተሰጠኝ ሥልጣነ ክህነት፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ መስመር በላይ የቀበረ፣ ያስቀበረ፣ ከሃያ ዘጠኙም ድንጋዮች አንዱን ያነሣ፣ ያስነሣ፣ ሲነሣም አይቶ ዝም ያለ፣ እኔም ራሴ ብሆን፣ ውጉዝ ይሁን።

አምላከ ሙሴ፣ ከዓለት ውሃን ያፈለቅህ፣ የአገልጋይህን የጎበዜን ነፍስ በዕረፍት ውሃ ዘንድ አሳድርልን፤ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብም ቦታ ስጥልን፤ አሜን።

አሁን አንሡ። መስመሩም ገና አላለቀምና፣ ከቀብር ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ድንጋይ ይዛችሁ ውጡ።