ከመቶ ሃምሳኛው ገጽ በኋላ

እኛ መጽሐፍ ማንበብ የጀመርንበት ጊዜ ሌላ ነበር፣ ስሚ ኛማል፣ አንቺ የወንድሜ ልጅ ስለሆንሽ ከኔ ስትሰሚው ኖረሻል፣ እናንተ ግን አልሰማችሁም፤ ያኔ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ለአንድ ክፍል ልጅ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ነበር እና እሷን አንዷን አስተማሪው ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባታል፣ እኛ መሬት ላይ ተቀምጠን እንሰማለን፣ እና ደወል ሲደወል የት ላይ እንደቆመ በልባችን ይዘን ወደ ድንኳናችን እንሄዳለን። በማግስቱ ገና ሳይቀመጥ «ንጉሡ በሩ ጋ ሲደርስ ነው የቆምነው!» ብለን እንጮህበታለን። እሱ ቢረሳ እኛ አንረሳም! ታዲያ አማርኛ የገባኝ እንዲያ ነው። ዛሬ ጁባ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥቼ፣ ጉዴሌ ሰፈር ግቢዬ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የአማርኛ ልብ ወለድ ሳነብ ዘመዶቼ ይስቁብኛል። «ቾል አገሩ ገብቶ እንኳ የሰው አገር ፍቅር ይከታተላል!» ይላሉ። ይበሉ።

አሁን አሁን የሚመጡትን ልብ ወለዶች ግን ልንገራችሁ፣ አነባቸዋለሁ እንጂ አላከብራቸውም። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም! ልጅቷ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ይደርሳል። ስለ ዓይኗ ብቻ ሦስት ገጽ። ሀብታሙ ጥቁር መኪና አለው፣ ነጭ መኪና የሚነዳ ሀብታም እስካሁን አላጋጠመኝም። ሊለያዩ ሲሉ ዝናብ ይዘንባል፣ ወሩ ጥር ይሁን ምን ይሁን ግድ የለውም፣ ይዘንባል! እናትየዋን ልቧን ያማታል፣ ሐኪሙ ማነው ስትሉ የልጅቷ የድሮ ጓደኛ። ድሮ ደብዳቤው ይጠፋ ነበር፣ አሁን ደግሞ እንጀራ እናትየዋ ቴክስቱን ከስልኩ ላይ ታጠፋዋለች፣ መሻሻል ማለት ይኼው ነው። እና እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በልብ ወለድ ውስጥ ቢሮ ገብቶ ሥራ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን አላየሁም፤ መስኮት ጋ ቆመው ያስባሉ። ደመወዛቸውን ማን እንደሚሰጣቸው እንጃ።

አስካለ ደግሞ የራሷ ትችት አላት። አስካለ ማለት ኮሎሎ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ ናት፣ መጽሐፎቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት በሷ በኩል ነው፣ መንገደኛ በሻንጣው ይዞላት ይመጣል። እኔ እሷ ቤት ምሳ ስበላ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እኔ እየበላሁ እሷ ወንበሩን ተደግፋ ቆማ እንከራከራለን። «ጋሽ ቾል፣ እስቲ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምግቡን ጨርሶ የተነሣ ሰው አይተሃል?» ትለኛለች። «ያዝዛሉ፣ ሁለት ጉርሻ ሳይጎርሱ ይጣላሉ፣ እሷ እያለቀሰች ትወጣለች፣ እሱ ከኋላዋ ይሮጣል። ሳይከፍሉ! እዚህ ቢመጡልኝ በሩ ላይ ነበር የማንቃቸው!» እና እንስቃለን፣ ተስተናጋጁም አብሮን ይስቃል።

ታዲያ መጽሐፉ አንድ ነው፣ አንባቢው ብዙ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ደግሞ የለም። ስለዚህ ምን ይደረጋል፣ አስካለ ቀድማ ታነባለች፣ እሱ መብቷ ነው፣ ከዚያ መጽሐፉ ካስተም ገበያ ላዱ ዘንድ ይሄዳል። ላዱ ጫማ ሰፊ ነው። መጽሐፉን መቶ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ለሁለት ይቆርጠዋል፣ ሁልጊዜ መቶ ሃምሳ ላይ ነው፣ ደንብ ነው፤ ሽፋኑን ገንጥሎ ይጥልና ለየግማሹ ከብስኩት ካርቶን ሽፋን ይሠራለታል። አንዱ ሰው መጀመሪያውን ጨርሶ ወደ መጨረሻው ሲያልፍ ሌላው መጀመሪያውን ይረከባል። ሁሉም አንብቦ ሲያበቃ ላዱ በጆንያ ክር መልሶ ይሰፋዋል።

እኔ ግን አይሆንም አልኩ! «መጽሐፍ እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ የሚከፋፈል ነገር ነው እንዴ?» አልኩ። «ሙሉ ካልሆነ አልነካም። እስኪሰፋ እጠብቃለሁ።» እና ሁልጊዜ መጨረሻ የማነበው እኔ ነኝ፣ በዚህም እኮራ ነበር፣ እንዴት እንደምኮራ ብታዩ!

ባለፈው ዝናብ ጊዜ ሁለት መጽሐፍ አብሮ መጣ። በአንዱ ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለች፣ በሌላው ሰላማዊት የምትባል። ሁለቱም ተቆረጡ፣ ተነበቡ፣ ተሰፉ፣ እኔም ሁለቱን ከላዱ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። በትዕግሥት ጀመርኩ። ትዕግሥት ዮናስ የሚባል ድሃ ትወዳለች፣ ጥቁር መኪና ያለው ደግሞ ይፈልጋታል፣ እናቷ በልብ በሽታ ሞተች፣ ዝናብ ዘነበ፣ እና መቶ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ልጅቷ ዐረብ አገር ልሂድ ብላ ፓስፖርቷን ይዛ ኤርፖርት ገባች። ገጹን ገለጥኩ። መቶ ሃምሳ አንድ ላይ ሰላማዊት የምትባል ልጅ የአንዲት እመቤት ወለል ትወለውላለች።

«ሰላማዊት ደግሞ ማናት?» አልኩ። ከዚያ ገባኝና ጭኔን መታሁ። ስሟን ቀይራ ነዋ የሄደችው! እናንተዬ፣ ይህን እኛ ካላወቅነው ማን ያውቀዋል? እኔ ራሴ ካምፕ ውስጥ ራሽን ካርድ ላይ ሦስት ስም ነበረኝ፣ በሦስቱም ስንዴ በልቻለሁ። ዐረብ አገር የሚሄዱትም ሴቶች እንደዚያው ናቸው፣ ስም ይቀየራል፣ ዕድሜ ይጨመራል፣ ይሄዳሉ። እና ደራሲው አንድ ቃል ሳያብራራ ስሟን ቀይሮ ሲያልፈው «ይሄ ሰውዬ አንባቢ ያከብራል!» አልኩ። ዮናስ ዳንኤል ሆነ። እሱም ተሰድዶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ የሞተችው እናቷ በስልክ ደወለችላት። እዚህ ላይ፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ቆም አልኩ። ቆም አልኩና «አሃ፣ ናፍቆት ነው፣ የሟች ድምፅ በጆሮዋ እየመጣባት ነው» አልኩ። እንዴት ያለ ብዕር ነው! በመጨረሻ ልጅቷ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ዳንኤል፣ ማለቴ ዮናስ፣ ኤርፖርት ቆሞ ጠበቃት፣ ተጋቡ። እኔ ልብ ወለድ አንብቤ ጨርሼ ሳልሳደብ ስነሣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ እየበረርኩ ኮሎሎ። ቤቱ ሞልቷል፣ የምሳ ሰዓት ነው፣ ምሳዬ ቀረበ። «አስካለ! ትዕግሥትን ጨረስኳት! ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሊቅ ነው!»

«አዎ፣ አሳዘነችኝ» አለች።

«ምኗ ያሳዝናል? እንዲህ ያለ ሠርግ ተደግሶላት!»

«የምን ሠርግ? ትዕግሥት እኮ ሞተች፣ ጋሽ ቾል። ሆስፒታል ተኝታ። ዮናስ ሳይደርስባት።»

«አገባች!»

«ሞተች እንጂ!»

«ስሚ አስካለ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለሚያስተውል ሰው ነው። ስሟን መቀየሯን ካላስተዋልሽ…»

«ኧረ ምንም ስም አልቀየረችም!»

ታዲያ እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። አፌን ሞልቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «እውነቱን ተናገሪ፣ እስከ መጨረሻው አንብበሻል ወይስ ገጽ እየገለጥሽ ነው የመለስሽው?» አልኳት።

አስካለ ትምህርት ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ የጠነከረላት በነዚህ እኔ በምንቃቸው ልብ ወለዶች ነው፣ ያለ አስተማሪ፣ አንድ አንድ ገጽ እያለች። ያን የነገረችው ለኔ ብቻ ነበር። እና ያን እያወቅኩ ነው እንዲያ ያልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ስድስት ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለችኝ። «የሚመጥንዎትን ሰው ሌላ ቤት ይፈልጉ።» ሳህኔን አነሣች። ገና መጉረሴ ነበር! እንደነዚያ እንደ ልብ ወለዶቹ ሰዎች ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ተኮፈስኩ። «ሴትዮዋ አላነበበችም፣ አላነበበችም» እያልኩ የራሴን ምስር እየቀቀልኩ ሁለት ሳምንት በላሁ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ናፈቀችኝ። ምሳው ብቻ አይደለም፣ አንድ ሞኝ ገጽ ሳነብ ቀና ብዬ የምነግረው ሰው አጣሁ። ለግድግዳ አይነገር! አሁን በኔ ዕድሜ አዲስ ወዳጅ ከየት ይመጣል? ግን ሄጄ ይቅርታ ልበል ብል ደግሞ ምን ብዬ? እኔ ነኝ ልክ፣ በዓይኔ አንብቤያለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ሁለተኛውን መጽሐፍ አነሣሁ። ሰላማዊት። ዳንኤል የሚባል ወዳጅ አላት፣ እናቷ ገጠር በሕይወት አለች፣ ልጅቷ ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። «ይሄማ ከዚያኛው የተቀዳ ነው» አልኩ። መቶ ሃምሳ። ገለጥኩ። «ትዕግሥት አልጋዋ ላይ ሆና ወደ መስኮቱ ተመለከተች» ይላል።

ትዕግሥት? ይህችን ልጅ አውቃታለሁ! ማንበብ ፈራሁ፣ ማቆምም አልቻልኩም። ሆስፒታል ነው፣ ኤርፖርት ወድቃ ነው የገባችው። ዮናስ በመንገድ ላይ ነው። ዝናብ ነው። ሞተች። ልክ አስካለ እንዳለችው፣ አንድ ነገር ሳይጎድል።

ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ቦዳ ሞተር ተሳፍሬ ካስተም ደረስኩና ሁለቱን መጽሐፍ ላዱ ፊት ጣልኳቸው። «ላዱ፣ ምን አደረግከኝ?» ላዱ አገላብጦ አያቸው፣ ክሩን ሳብ ሳብ አደረገው። «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣ ምንም ችግር የለም ማለቱ ነው። «መቶ ሃምሳ፣ ቀጥሎ መቶ ሃምሳ አንድ። ይኸኛውም መቶ ሃምሳ፣ ቀጥሎ መቶ ሃምሳ አንድ። ስፌቱ ለቀቀብህ?»

«ስፌቱማ አልለቀቀም።»

«እኔ ያንተን ፊደል አላነብም፣ ቁጥር ግን አነባለሁ» አለኝ። ለካ የሁለቱን ግማሾች አቀያይሮ ሰፍቷቸዋል። እሱ የማያነበውን አላነበበም። እኔ ግን የማነበውን አንብቤ ነው ሙት እናት ስልክ ስትደውል ደራሲ ያደነቅኩት! «አምጣው፣ ፈትቼ ልክ ላድርገው» አለኝ። ቆይ መጀመሪያ አንድ ቦታ ላድርሰው ብዬ ሄድኩ።

ኮሎሎ የገባሁት በማግስቱ በምሳ ሰዓት ነው፣ ሆን ብዬ። ሰው ፊት ያዋረዷትን ሰው ጓዳ ገብተው ይቅርታ አይሏትም። መሐል ቆምኩ። «ጆሮ ስጡኝ» አልኩ። «የዚያን ቀን እዚህ የነበራችሁ ስሙኝ። አስካለ አንብባለች። እስከ መጨረሻው አንብባለች። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።» እና ሁሉንም ተናገርኩ፣ ስም መቀየሩን፣ ዮናስ ዳንኤል መሆኑን፣ የእናቲቱን ስልክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ አንዱ ከወንበሩ ወደቀ ብል ይቀለኛል። አስካለ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛ እየወለወለች ነበር፣ ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግማ ትወለውላለች። በመጨረሻ ጨርቁን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ያን መጽሐፍ ስጠኝ።»

«የትኛውን?»

«ያገባችበትን። አንተ ደግሞ ቁጭ በል፣ ምሳህ ይቀርባል።»

አንተ አለችኝ! ያን ቀን ምን እንደቀረበልኝ አላስታውስም፣ ሳህኑን ጠርጌ እንደበላሁ ብቻ አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፣ ከፈለግክ ጠይቀኝ» አለች፣ ነገረኛ ናት።

«ይቅር በይኝ ብያለሁ እኮ! እና እንዴት ነው?»

«አለቀስኩ።»

«በሠርግ?»

«በሠርግ» አለች። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፣ በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። «ጋሽ ቾል፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ ስሟን ቀይራ የተሰደደች ልጅ በሰላም ስትኖር አይቼ አላውቅም። ወይ ታብዳለች፣ ወይ ትሞታለች። ሁልጊዜ ይገድሏታል። ለምንድነው የሚገድሏት? እኔም እኮ ከአገሬ የወጣሁበት ፓስፖርት ላይ የነበረ ስም ነው አስካለ። ይኸው አልሞትኩም።»

ያን ሁሉ ገጽ አንብቤ፣ ስም መቀየሩን አደነቅኩ እንጂ ስሟን የቀየረችው ልጅ ምሳ እያቀረበችልኝ እንደሆነ አላሰብኩም። «ላዱ ፈትቼ ላስተካክለው ብሏል» አልኳት። «እንዳይነካው!» አለች። እንደተሰፋ አለ፣ ማንም አልፈታውም። ሁለቱ ደራሲዎች ቢሰሙ ይጣሉናል፣ ይጣሉን፤ ሁለቱ ተጨንቀው ስሟን ለቀየረች ልጅ ያልሰጧትን ሠርግ አንድ ጫማ ሰፊ በቁጥር ሰጣት። እኔም ከእንግዲህ ልብ ወለድ ሁሉ አንድ ነው አልልም። እላለሁ እንጂ፣ ቀስ ብዬ ነው የምለው።

«አጎቴ» አለች ኛማል፣ «ታዲያ እውነተኛ ስሟ ማነው?»

የማን፣ የትዕግሥት?

«የእትዬ አስካለ እንጂ!»

ሃሃሃ! እሱንማ እኔ አልጠይቅም፣ አንዴ ተባርሬ አይቼዋለሁ። ድፍረቱ ካለሽ ሂጂና አንቺ ጠይቂያት፤ ብቻ መጀመሪያ ምሳሽን ጨርሺ!